የቮልስ ሞተርና የወጥ ቤቱ መደርደሪያ

ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ከዲናሞው ጋር አብሮ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ማራገቢያው የሚገፋው አየር በሲሊንደሮቹ ዙሪያ በተደረደሩት ቀጫጭን ክንፎች መሃል እየሾለከ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ለዚህች መኪና እድፍ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሞተሩ ታችኛው ክፍል ዘይት ሲያልብ፣ የመንገድ አቧራ ሲለጠፍበት፣ በአቧራው ላይ ደግሞ ሌላ ዘይት ሲጨመር፣ ከዓመታት በኋላ ክንፎቹን ሞልቶ የሚገኘው እንደ ሬንጅ የጠጠረ ጥቁር ቅርፊት ነው። አየር በዚያ አያልፍም። ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ባለቤቱም ጥፋቱን ከካርቡሬተሩና ከካንዴላው ሲፈልግ ይከርማል። በደንብ የታጠበ ሞተር ግን ሙቀቱን ይለቃል፤ ዘይት የሚያፈስበትን ቦታም ሳይደብቅ ያሳያል።

ይህቺ መኪና በአገራችን ታሪክ ውስጥ ስም አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ተጭነው ነበር። በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ አሮጌውን ዕቃ አጽድቶ መልሶ መጠቀም የቮልስ ባለቤት ሁሉ ሥራ ሆኗል። ከሶማሌ ተራ የሚገዛው ዕቃም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሌላ ሞተር ዘይትና አፈር እንደለበሰ ነው እጅ የሚገባው።

ለዚህ ሥራ ተብለው የተዘጋጁ ኬሚካሎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ይከብዳል፣ ሁልጊዜም አይገኙም። በየቤቱ ደግሞ አቼቶ፣ ሎሚ፣ ላርጎ፣ ኦሞ፣ ቤኪንግ ሶዳና ነጭ ጋዝ አይጠፋም። እነዚህ በትክክል ከተሠራባቸው አብዛኛውን ሥራ ይወጣሉ። ችግሩ የሚመጣው ሰው የሚያጸዳውን ብረት ሳያውቅ ፈሳሹን ሲመርጥ ነው። የቮልስ ሞተር አንድ ብረት አይደለም። ዋናው አካሉ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ ሲሊንደሮቹ የተቀለጠ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ አየሩን የሚመሩት ሽፋኖች ላሜራ፣ ካርቡሬተሩ በአብዛኛው የዚንክ ቅይጥ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያሉት ቤንዚን የሚለኩ ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸው ቡሎኖች ደግሞ ነሐስ ናቸው። ለላሜራው መድኃኒት የሆነው አቼቶ ለዋናው አካል መርዝ ነው።

መለየቱ አይከብድም። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ወደ ታች ከሚጠቀሱት ሞላዎችና ቡሎኖች በቀር አቼቶ ይችለዋል። ማግኔት ያልያዘውና ቀለል ያለው ዕቃ አሉሚኒየም ወይስ ማግኒዥየም እንደሆነ ካጠራጠረ፣ በማይታይ ጥግ ላይ እድፉን ጠርጎ አንዲት ጠብታ አቼቶ ማድረግ ነው። ማግኒዥየም ከሆነ ጠብታዋ ወዲያው መፍላት ትጀምራለች፤ ጥቃቅን አረፋ ሲነሳ በዓይን ይታያል። አረፋው ሃይድሮጂን ነው፣ የሚጠፋው ደግሞ ብረቱ ራሱ ነው። አሉሚኒየም ላይ ጠብታዋ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ውጤቱ እንደታየ ቦታው በውሃ መታጠብ አለበት።

አሁን ወደ ቅባቱ እንምጣ፤ ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መጀመሪያ ምንም ፈሳሽ ሳይነካው ወፍራሙን ቅርፊት በእንጨት ስንጣሪ መፋቅ ያስፈልጋል። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ከዚያም አንድ ጀሪካን ጋዝ ይጨርሳል። ቅርፊቱ ከተነሳ በኋላ ዘይትን የሚያሟሟው የዘይት ዘመድ ነውና ነጭ ጋዝ በብሩሽ ይቀባል፤ ለጥቂት ደቂቃ ተትቶ እንደገና ይቦረሻል። ለክንፎቹ መሃል የአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ነጭ ጋዝ ማግኒዥየሙንም፣ አሉሚኒየሙንም፣ ዚንኩንም አይጎዳም፤ ሁሉንም ብረት ያለ ስጋት የሚነካ ፈሳሽ እሱ ነው።

በየጋራዡ ግን የሚታየው በቤንዚን ማጠብ ነው፤ ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ነጭ ጋዝ እሳት የሚይዝ ትነት የሚያወጣው ከ38 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ሆኖ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳልና ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ሲጓዝ አይታይም። ጋራዡ ጥግ ላይ ቡና የተጣደበት የከሰል ምድጃ ካለ ሩቅ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። ጋዙም ቢሆን ከእሳት ርቆ፣ ደጅ ላይ፣ ጓንት ተደርጎ ነው የሚሠራበት።

ከጋዙ በኋላ ብረቱ ላይ ስስ ቅባት ይቀራል። እሱን የሚያነሳው ሙቅ ውሃና ላርጎ ነው። ሳሙና አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ጫፉ ቅባትን ይይዛል፤ ቅባቱን ከብቦ ከብረቱ ያላቅቀውና ውሃው ይዞት እንዲሄድ ያደርጋል። እንዶድ ልብስ የሚያጥበውም በዚሁ መንገድ ነው። ላርጎ ለስላሳ ስለሆነ የትኛውንም የሞተር ብረት አያስቀይምም። ኦሞ ግን ጠንከር ይላል፤ ውስጡ ያለው ሶዳ ቅባትን ይሰብራልና ለላሜራና ለተቀለጠ ብረት፣ በሙቅ ውሃ በጥብጦ መዘፍዘፊያ ማድረግ ጥሩ ነው። አሉሚኒየም በዚያ ውስጥ ካደረ ግን ይጠቁራል፤ ከቆየም ገጹ ይበላል።

ዝገት ሌላ ሥራ ነው። ሳሙና ዝገትን አያውቀውም፤ አሲድ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው አቼቶ 5 በመቶ ያህል አሲድ ነው። ይህ መጠን ዝገትን ቀስ ብሎ ያሟሟል፣ የእጅ ቆዳንም እምብዛም አያቃጥልም። የዛገ ላሜራ፣ ማቀፊያ ብረትና ተራ ቡሎን መጀመሪያ ከቅባት ይጸዳል፤ ቅባት ያለበት ቦታ ላይ አቼቶ አይደርስምና። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን ድረስ በፕላስቲክ ዕቃ ተነክሮ ያድራል። በማግስቱ ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። ያልለቀቀ ካለ ሌላ ሌሊት ይጨመርለታል፤ ለቀናት መርሳት ግን ደህናውን ብረት ማስበላት ነው። ሎሚም ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ለአንድ ባልዲ ዕቃ የሚሆን ሎሚ መጭመቅ ግን ከአቼቶው ዋጋ ይበልጣል። ሎሚን ለትንሽ ነሐስ ማቆየቱ ይሻላል።

እዚህ ላይ ልምድ ያለው መካኒክም አንዳንዴ የሚስተው ነገር አለ። የቫልቭ ሞላዎችና ቴስታታውን የሚይዙት ጠንካራ ቡሎኖች አቼቶ ውስጥ መግባት የለባቸውም። አሲድ ብረት ሲበላ የሚፈጠረው ሃይድሮጂን በጠነከረ ብረት ውስጥ ሰርጎ ይገባና ተሰባሪ ያደርገዋል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፣ ሲጠብቅ ወይም ሞተሩ ሲሠራ ይበጠሳል። እነሱን በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ብቻ ማጽዳት ነው። በዚንክ የተለበጡ ነጣ ወይም ቢጫ ያሉ ቡሎኖችም አቼቶ ውስጥ ልባጣቸውን ይጥላሉ፤ ከዚያ በኋላ ለመዛግ ይፈጥናሉ።

ከአቼቶ የወጣ ዕቃ በውሃ ብቻ ከታጠበ አሲዱ በስንጥቅና በጥርስ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ መንከር ይገባል። አረፋው ሲቆም አሲዱ አልቋል ማለት ነው። ሱቅ ሲገዙ ግን ማሸጊያውን ያንብቡ፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው። ለዳቦ እንዲሆን አሲድና ስታርች ተደባልቆበታል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ካርቡሬተሩን ለብቻው፣ በነጭ ጨርቅ ላይ መፍታት ይመረጣል። ቮልስ ላይ የሚገኘው ሶሌክስ ካርቡሬተር ውስጡ ሲከፈት መንሳፈፊያው በሚቀመጥበት ጉድጓድ ግርጌ ቡናማ ሙጫ መሰል ነገር ይታያል። ለወራት ቆሞ የተነነ ቤንዚን የተወው ዝቃጭ ነው። የዚንክ አካሉን አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ገጹ ይሻክራል፣ ቀዳዳዎቹም በነጭ ዱቄት ይደፈናሉ። ነጭ ጋዝ ውስጥ አድሮ፣ በለስላሳ ብሩሽ ተቦርሾ፣ በሞቀ ውሃና በላርጎ ታጥቦ፣ በየቀዳዳው አየር ይነፋበታል። የነሐሶቹን ቀዳዳ በመርፌ ወይም በሽቦ መጎርጎር ደግሞ ብዙ ሞተር ያበላሸ ስህተት ነው። ቀዳዳው የሚለካው በሚሊሜትር ክፍልፋይ ስለሆነ በትንሹ ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ከብሩሽ የተነቀለ አንድ የፕላስቲክ ፀጉር ይበቃል። ነሐሱ ከጠቆረ በሎሚ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ማሸት ይቻላል። ቀለሙ ወደ ሮዝ ከሄደ ግን አሲዱ ዚንኩን ከነሐሱ እየለየ ነውና ቶሎ ይታጠብ።

ኮካ ኮላ ዝገት ያነሳል የሚባለው እውነት ነው፣ ፎስፎሪክ አሲድ አለበትና። ግን ደካማ ነው፣ ስኳሩም ይጣበቃል፤ አቼቶ ካለ ገንዘብ ማባከን ነው። ድስት የሚፈተግበት አመድ በሞተር ዕቃ አጠገብ መድረስ የለበትም፤ ደቃቁ አሸዋማ ነገር ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ እንደ ሞረድ ይሠራል። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን እያፈላ ይበላል። በረኪና ደግሞ ቅባት አያነሳም፣ ብረት ያዝጋል። ከሁሉም የከፋው ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተገናኘ የክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። በረኪና ወደዚህ ሥራ ጭራሽ አይግባ።

ፍሬኑ የራሱ ሕግ አለው። ነጭ ጋዝ፣ ናፍታም ሆነ ቤንዚን የፍሬን ጎማዎችን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎማ ፍሬኑን ይይዛል ወይም ያፈሳል። የውስጥ ክፍሎቹ በንጹህ አልኮል ወይም በራሱ በፍሬን ዘይት ብቻ ይታጠባሉ። በአሮጌ መኪና ከበሮ ውስጥ ያለውን አቧራ በአየር መንፋት አይገባም፤ የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። በሳሙና ውሃ አርጥቦ በጨርቅ ማንሳት ነው። ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለው ባትሪ ጫፎቹ ላይ የሚያወጣው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ወዲያው ይለቃል፤ መጀመሪያ የኔጋቲቩ ገመድ ይፈታ፣ የባትሪው ክዳኖች ይዘጉ፣ ሶዳው ውስጥ ከገባ የባትሪውን አሲድ ያከሽፋልና።

የጸዳ ብረት ራቁቱን ነው። ከሳሙና ውሃ የወጣ ሲሊንደር ቆሞ እያዩት ብርቱካናማ ዝገት ያበቅላል። ስለዚህ ዕቃው ሳይታጠብ በፊት ደረቅ ጨርቅና ዘይት አጠገብ መዘጋጀት አለበት። ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ፀሐይ ላይ ሞቅ እንዳለ በስሱ ዘይት ይቀባል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማጣሪያ የሚባል ወረቀት የለም፤ ያለው ከሥር የተቀመጠ የሽቦ ወንፊት ነው። ሁለት ሊትር ተኩሉ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ወንፊቱ ወጥቶ በነጭ ጋዝ ይታጠብ። ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየ ሞተሩ ውስጥ የሚበላ ነገር አለና ከማጽዳቱ በፊት ይመርመር።

በመጨረሻም የቆሸሸው ጋዝ ቦይ ውስጥ አይደፋ። የአዲስ አበባ ቦይና ወንዝ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ አባ ሳሙኤልን አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ በመንገዱም አትክልት ይለማበታል። ያገለገለውን ነጭ ጋዝ ክዳን ባለው ጀሪካን ውስጥ ለጥቂት ቀን ያስቀምጡት። ጭቃው ከሥር ይረጋል፣ ላዩ ጠርቶ ለሚቀጥለው ዕቃ ያገለግላል። ከሥር የቀረውን ዝቃጭ ከተቃጠለው የሞተር ዘይት ጋር አጠራቅመው አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ያስረክቡ።