ጓያ ለብቻው ሲበላ

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ሲወረድ የሚዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል በዚያ ረግረግ ላይ ጓያ ይዘራል። ብዙ እርሻ አይፈልግም፤ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ አድጎ ለፍሬ ይበቃል። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ጤፉና ስንዴው ሲከዳ ጎተራ የሚገባው እሱ ነው። ገበሬው ክፉነቱን እያወቀ ጓያን ያልተወው ለዚህ ነው።

ክፉነቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገም፤ “ጓያ ይሰብራል” የተባለው ከጥንት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰብረው ደግሞ ወጣቱን፣ የቤቱን ጉልበት ነው። አንዳንዱ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ባቱ ይወጠራል፣ ጉልበቱ ይተሳሰራል፣ ተረከዙ መሬት አይነካም፤ በጣቶቹ እየረገጠ፣ እግሮቹን እንደ መቀስ እያጠላለፈ ይሄዳል። አእምሮው ሙሉ ነው፤ የእግሩ ቆዳም ሙቀትና ቅዝቃዜን ይለያል። በሽታው አይገድልም፣ ግን አይድንም። ሐኪሞች ደረጃውን የሚለዩት በዱላ ነው፤ ያለ ዱላ የሚራመድ፣ በአንድ ዱላ የሚሄድ፣ በሁለት ዱላ የሚሄድ፣ በመጨረሻም የሚድህ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በጎንደር ክፍለ ሀገር የተነሳው ወረርሽኝ በሀገራችን የሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። በኋላም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ባደረጉት ጥናት በሽታው በገጠሩ በብዛት እንደሚገኝ አሳዩ፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት ረኃብ ገብቶ ከ2000 በላይ ሰዎች እግራቸውን አጡ። እስከ ዛሬ ያልተቋጨው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል፤ ጓያ ይከልከል ወይስ ይበላ? ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከልክላ ነበር፤ ድሃው ገበሬ ግን መዝራቱንም መብላቱንም አልተወም። የእኛም ገበሬ የሚተወው አይመስለኝም።

በእኔ እምነት ጥያቄው ራሱ መስተካከል አለበት። መጠየቅ ያለብን ጓያ ከምን ጋር እንደሚበላ ነው።

መርዙ ኦዳፕ ይባላል። የህንድ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው ያወጡት የአሚኖ አሲድ ዓይነት ነው፤ የነርቭ ሴሎችን ከልክ በላይ አነሳስቶ ይገድላል። ነገር ግን አንድ ማዕድ የቀረቡ ሁሉ አይሰበሩም። ለምን? ከመልሱ አንዱ ክፍል ያለው ሜቲዮኒን በሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ላይ ነው።

ሰውነታችን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ዘጠኙን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ብቻ ያገኛቸዋል። ሜቲዮኒን አንዱ ነው። ድኝ አዘል ነው፤ ሰውነት ከእሱ ሲስቲንን ይሠራል፣ ከሲስቲን ደግሞ ግሉታታዮን የሚባለውን ሴሎችን ከጉዳት የሚጠብቅ ውህድ። በቤተ ሙከራ እነዚህን ሁለት ድኝ አዘል አሚኖ አሲዶች የተነፈጉ የነርቭ ሴሎች በኦዳፕ ይበልጥ ሲጎዱ ታይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መለኪያ መሠረት አንድ ጎልማሳ ከሁለቱ በድምሩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 15 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 900 ሚሊግራም መሆኑ ነው።

ጓያ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ላይሲን ሞልቶታል። የሚጎድለው ሜቲዮኒን ነው። ስለዚህ ለወራት ጓያን ብቻ የበላ ሰው መርዙን እየወሰደ መከላከያውን ያጣል። በጤፍ፣ በስንዴና በገብስ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ላይሲን ያንሳቸዋል፣ በድኝ አዘሎቹ ግን ከጥራጥሬ ይሻላሉ። እንጀራ በሽሮ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላበት ምግብ ነው። መተማና ሑመራ የሚያመርቱት ሰሊጥም በሜቲዮኒን የታወቀ ነው፤ እንቁላል፣ ወተትና የጣና ዓሣም እንዲሁ። ችግሩ ጓያን ብቻ የሚበላው ሰው ሰሊጥና እንቁላል የሚገዛበት አቅም የሌለው መሆኑ ነው።

በደላንታ ዳውንት ሕሙማኑን ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና የቤልጅጉ ፈርናንድ ላምበይን እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት ላይ ያወጡት ውጤት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ጓያን ቆልተው፣ ወይም በንፍሮና በእሸት መልክ የበሉ ሰዎች ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠዋል፤ ከእህል ጋር ቀላቅለው የበሉት፣ ቅመም በገባበት ወጥም ያባሉት፣ አደጋው ቀንሶላቸዋል። ቀንሷል እንጂ ጠፍቷል አልተባለም፤ ይህን ማሳነስ አይገባም።

ከዚህ ጋር ስናስተያየው የሚያሳዝነው በገጠሩ ያለው ጥንቃቄ ያለ ቦታው መዋሉ ነው። ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳይመታት ፊቷን የምታዞር እናት አለች፤ በጓያ ማሳ መካከል ማለፍን የሚፈራም አለ። ኦዳፕ ግን በእንፋሎት አይወጣም፣ በመርገጥም አይገባም። የሚገባው በአፍ ነው፤ ያቺው እናት ለልጇ በምትዘግንለት እሸትና ንፍሮ። በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ውኃውን ከሩቅ መቅዳት ላለባት ሴት ግን ይህም ቀላል አይደለም።

የእርሻ ተመራማሪዎችም አልቦዘኑም። ኦዳፑ ያነሰ “ዋሴ” የተባለ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቋል። ሆኖም ንብ የጓያን አበባ ከማሳ ማሳ ስለምታዳቅል፣ ጥሩውን ዘር ከነባሩ ለይቶ ማቆየት ያስቸግራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ድርቅ ራሱ በፍሬው ውስጥ ያለውን ኦዳፕ የሚጨምር መሆኑ ነው። ሰዉ ጓያን አብዝቶ የሚበላበት ዓመትና ጓያው ይበልጥ የሚመርዝበት ዓመት አንድ ይሆናሉ።

በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሆኖ ሲቆይ ነው። የእርዳታ ስንዴ ከዚያ በኋላ ቢደርስ የተሰበረውን አያቆምም። ስለዚህ ጤፉ ጠፍቶ ጓያው ብቻ የተረፈበት ቀበሌ ገና በመኸሩ ሊመዘገብ፣ እህሉም የቤቱ የመጨረሻ ቁና ጤፍ ሳያልቅ ሊደርሰው ይገባል።