በአንድ ሊትር ውስጥ 20,000 ጠብታ

በዋርዶቻችን በብዛት የሚሰቀለው የግሉኮስ መስመር አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ ያወርዳል። አንድ ሊትር እንግዲህ 20,000 ጠብታ ነው። ሐኪሙ ካርዱ ላይ «1 ሊትር በ8 ሰዓት» ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው አልጋ ሲያልፍ፣ ለነርሷ የተወላት ሥራ በደቂቃ 42 ጠብታ እንዲወርድ ማድረግና ይህንኑ ለ8 ሰዓት ሳይዛነፍ መጠበቅ ነው። የሚቆጥር ማሽን በሌለበት ዋርድ ቆጣሪው ዓይንና የእጅ ሰዓት ነው። በሽተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ጠብታው ይቆማል፤ ሲዘረጋ ይፈጥናል። በአንድ ሌሊት 10 ሰዎች አንድ አንድ ሊትር ቢወስዱ 200,000 ጠብታ በአንዲት ሰው ኃላፊነት ወረደ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው ግን የመጨረሻው ነው፦ «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አለቀ!»

ስለ ነርሶች ድካም ብዙ ተነግሯል። እኔ ከድካሙ ይልቅ ሒሳቡን ማሳየት እፈልጋለሁ፤ አንድን ሌሊት ቁጭ ብሎ ላሰላ ሰው ውጤቱ ያስደነግጣልና።

20 አልጋ ያለው፣ ሁሉም አልጋ የተያዘ ዋርድ እንውሰድ። ተረኛዋ አንዲት ነርስ ናት፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ትሠራለች። በአገራችን የሌሊት ዲዩቲ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ሌሊት እንግዳ አይደለም። በየ4 ሰዓቱ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መጠን መለካት አለባት። ትንፋሽ በትክክል የሚቆጠረው አንድ ደቂቃ ሙሉ ደረት እያዩ ነው፤ ያውም ለበሽተኛው ሳይነገረው፤ እየተቆጠረበት መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል። 20 ሰው ሦስት ጊዜ፣ 60 ልኬት። ደረት በማየት ብቻ አንድ ሰዓት ሄደ። አምስቱም ሲለኩ 300 ቁጥር ይወጣል፤ ሁሉም ካርድ ላይ ይሰፍራል። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ብንሰጥ 5 ሰዓት።

ቀጥሎ መድኃኒት። እያንዳንዱ በሽተኛ በሌሊቱ ውስጥ ሦስት መርፌ ቢኖረው 60 መርፌ ነው። ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶን የተባለው የአንቲባዮቲክ ዱቄት በ10 ሚሊ ሊትር ይበጠበጣል፣ በደም ሥር ቀስ ተብሎ በ2 እስከ 4 ደቂቃ ይገባል፤ ከዚያ በፊት ስሙ፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ መንገዱና ሰዓቱ ይጣራል። በአምስት አምስት ደቂቃ ሌላ 5 ሰዓት። በራሳቸው መገላበጥ የማይችሉ አራት በሽተኞች ቢኖሩ ደግሞ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ መገልበጥ አለባቸው፤ 24 ጊዜ፣ በጥድፊያ 2 ሰዓት።

12 ሰዓቱ አለቀ። ነርሷ ገና እጇን አልታጠበችም። ከቆጠርናቸው 144 ንክኪዎች በፊትና በኋላ እጇን በአልኮል ብታሽ 288 ጊዜ ይሆናል፤ አንዱ ቢያንስ 20 ሰከንድ ይፈልጋል። ሲደመር 96 ደቂቃ። ሌሊቱ በ96 ደቂቃ ጎደለ። አዲስ በሽተኛ ሳይገባ፣ ማንም ሳይሞት፣ ርክክብ ሳይደረግ፣ ግሉኮስ ሳይቀየር፣ ከአልጋ ወደ አልጋ አንድ እርምጃ ሳይቆጠር፣ ውሃ ሳትጠጣ። ጎበዟም ሰነፏም ነርስ ይህን ሌሊት መሙላት አትችልም። የሆነ ነገር መቅረቱ ግድ ነው፤ ምን እንደሚቀር መምረጡ ለእሷ ተትቷል። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ሒሳቡን የሠራው ሌላ፣ የጎደለውን የምትከፍለው እሷ።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሚኖር ሰው ይቀልዳል። የእርግዝና ግፊት እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቀጣት እናት ማግኒዥየም ሰልፌት ስትወስድ፣ የመጀመሪያው ዙር 14 ግራም ነው። ቀጣዩን ለመስጠት ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ማነስ የለበትም፤ ሽንቷም በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ ነርሷ የሽንት ከረጢቱን በየሰዓቱ ጎንበስ ብላ ታነባለች። ራሷ ግን ከማታ ጀምሮ ሽንት ቤት አልሄደችም። «የእኔ ቢለካ ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል ብላችሁ ሪፈር ትጽፉልኝ ነበር» ትላለች ለጓደኛዋ፤ ይስቃሉ፤ ወደየበሽተኞቻቸው ይመለሳሉ። ይህን ቀልድ የሰማ አስታማሚ ሊቀየም ይችላል፤ እናቱ እያጣጣረች ነርሶቹ ይስቃሉ። አይፈረድበትም። እኔ ግን ሳቁ በሽተኛዋ ላይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በዚያ በማይሞላው ሌሊት ላይ ነው።

በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ደግሞ «ዛሬ ጸጥ ብሏል» ማለት ነውር ነው፤ ይህን ቃል የተናገረ ሰው መዓት ይጠራል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የእንግሊዝ የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ነገሩን በእጣ በተደገፈ ጥናት ፈተሸው። በ61 ቀናት ውስጥ በ29ኙ ቀን ሆን ተብሎ «ዛሬ ጸጥ ያለ ቀን ይሆናል» ተባለ፤ በቀሩት ቃሉ ተከለከለ። የሥራው ጫና ልዩነት አላሳየም። ተመራማሪዎቹ ድካማቸውን በከንቱ አላባከኑም፤ ሰው ልማዱን የሙጥኝ የሚለው ግን በጫናው ላይ ምንም ሥልጣን ስለሌለው ይመስለኛል።

ቁጥሩ በበዛበት ሳይሆን ባነሰበት ቦታ ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለ። 3.2 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ ጄንታማይሲን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ቢታዘዝለት 16 ሚሊ ግራም ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ የሚቀዳው 0.4 ሚሊ ሊትር፣ 8 ጠብታ ያህል። ነጥቧ አንድ ቦታ ብትንሸራተት 4 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ሁለት ሙሉ ብልቃጥ፣ አሥር እጥፍ። ይህች ነጥብ የምትቀመጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በደብዛዛ መብራት፣ ከኋላ ሰው እየጠራ ነው። በሲድኒ ሁለት ሆስፒታሎች 98 ነርሶች 4,271 መድኃኒት ሲሰጡ የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ነርሷ መሐል ላይ ተቋርጣለች። ማንም ሳያቋርጣት ከባድ ስህተት የመፈጸም ዕድሏ 2.3 በመቶ ነበር፤ አራት ጊዜ ስትቋረጥ 4.7 በመቶ ሆነ።

ማሽኑ የተሟላበት አገርም ቢሆን ጥሪው አይቀርም። በአሜሪካ ነርስ ሆነው የሚሠሩ ወገኖቻችን ቤታቸው ገብተው እንኳ ጆሯቸው ውስጥ ስለሚጮኸው የማሽን ድምፅ ሲያወሩ ማጋነን ይመስላል። አይደለም። በሳን ፍራንሲስኮ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በአምስት የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ በ77 አልጋ፣ በ31 ቀን ውስጥ የተመዘገበው ማስጠንቀቂያ 2,558,760 ነው። በድምፅ የጮኸው ብቻ ለአንድ አልጋ በቀን 187 ጊዜ ደረሰ። ተመራማሪዎቹ አንድ በአንድ ከመረመሯቸው 12,671 የልብ ምት መዛባት ማስጠንቀቂያዎች ውስጥ 88.8 በመቶው ሐሰት ነበር። ነርሷ ግን ከመቶው እውነተኛ የሆኑትን አሥራ አንዱን ለማግኘት ለመቶውም መሮጥ አለባት።

ሞትም የራሱ ቁጥር አለው። ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይጫናል። ያለ ማቋረጥ በ20 ደቂቃ ቢያንስ 2,000 ግፊት ነው፤ ክንድ ይዝላል፣ ላብ ዓይን ውስጥ ይገባል። ካልተመለሰ፣ ያችው እጅ ካኑላውን ትነቅላለች፣ ዓይኑን ትከድናለች፣ አስከሬኑን ትገንዛለች። ከዚያ መርዶ አለ። በባህላችን መርዶ ሥርዓት ያለው ነገር ነው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደጋፊ አጠገብ ቆሞ ይነገራል። በኮሪደር ግን ሰዓቱ አይመረጥም፤ ሽማግሌም የለም። ለቅሶው ገና ሳይበርድ ሦስተኛው አልጋ ላይ ያለው «ሲስተር» ይላል፤ የ6 ሰዓቱ መርፌ ዘግይቷል። ነርሶች በር ዘግተው ለሁለት ደቂቃ ለሰሚ የሚከብድ ቀልድ የሚቀልዱት ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። ማልቀሻ ጊዜ አልተመደበላቸውም።

ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች አንዱን ብቻ እንዳስታውስ ብጠየቅ 7ን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንሲልቫኒያ 168 ሆስፒታሎች 232,342 የቀዶ ሕክምና በሽተኞችንና 10,184 ነርሶችን መርምረው ያገኙት ነው፦ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል 7 በመቶ ይጨምራል። ከ12 ዓመት በኋላ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች 422,730 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም ያንኑ 7 አገኘ። በመጀመሪያው ጥናት ለንጽጽር የቀረቡት አንዲት ነርስ 4፣ 6ና 8 በሽተኛ የያዘችባቸው ሁኔታዎች ናቸው። 20 የሚል የለም። ካሊፎርኒያ በሕግ ወሰን አበጅታ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ አሁን በመደበኛ የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ዋርድ ለአንዲት ነርስ ከ5 በሽተኛ አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የነበሩትን የዓለም ነርሶች 29.8 ሚሊዮን፣ የጎደሉትን 5.8 ሚሊዮን ብሎ ቆጥሯል። ጉድለቱ የከፋው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው።

ስለዚህ ሆስፒታል የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ በየዋርዱ በር ላይ የዛሬ ተረኛ ነርስና የዛሬ በሽተኛ ብዛት ጻፉ፤ ሒሳቡን ሁሉም ይየው። አስታማሚዎች ደግሞ፣ በሽተኛችሁ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ደም ከፈሰሰው ጩኹ፤ አታፍሩ። ከዚህ ውጭ ከሆነ፣ መርፌ ስትቀዳ ያገኛችኋትን ነርስ አትጥሯት። ቀድታ እስክትጨርስ ጠብቁ።