ስሙን ሁለት ጊዜ የተነጠቀው ክለብ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የእንግሊዝ ክለቦችን ታሪክ የሚተርክ ወጣት ብዙ ነው፤ የአንጋፋውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ታሪክ የሚያውቀው ግን ጥቂት ይመስላል።

ክለቡ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አማካይነት ተመሠረተ። ወራት ሳይቆዩ ኢጣሊያ ከተማዋን ስትይዝ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገደደ። ከድል በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ከግሪክ፣ ከአርመንና ከጣሊያን ማኅበረሰብ እንዲሁም ከእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ጋር ተሰለፈ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ነበሩ፤ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት ይድነቃቸው ተሰማም የተጫወቱት በዚሁ ክለብ ነው።

በደርግ ዘመን ደግሞ የቅዱሱ ስም ቀርቶ በቢራ ፋብሪካ ስም እንዲጠራ ተደረገ። የቀድሞ ስሙ የተመለሰለት ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው።