ዕድሜ ልክ የሚታሰር የእጅ ሰዓት

በመተከል ምድር፣ በማንዱራ ወረዳ ባለችው በገነተ ማርያም ዙሪያ፣ ፀሐይ ያለ ከልካይ በምትወጣበት በበጋ ወራት ጊዜን በጥላ መለካት የለመደ ሰው የእጅ ሰዓት ባያስር ብዙ አይቸገርም፤ የቀደሙት ካህናትም የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ፣ ርዝመቱንም ከወሩ ጋር እያመሳከሩ፣ በጾም ቅዳሴ የሚገባበትን ጊዜ ለይተው ያውቁ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ሰማዩ በደመና ሲጋረድ፣ ጥላ የሚባል ነገር ከምድር ላይ ሲጠፋ፣ ለስልክም የሚሆን መብራት ሲቋረጥ ግን፣ መምህሩም፣ ነርሷም፣ ሾፌሩም፣ ዲያቆኑም ዓይናቸውን የሚጥሉት በክንዳቸው ላይ ባለው በዚያ ትንሽ መሣሪያ ላይ ነው። ሰዓት እጅግ በሚፈለግበት በዚያው ወራት ከዝናብ፣ ከጭቃና ከወበቅ የተነሣ እጅግ ይፈተናልና፣ አንድ ጊዜ ገዝቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ሊያስረው የሚሻ ሰው ስለ ጠባዩ ጥቂት ሊያውቅ ይገባዋል።

ብዙ ሰው ሰዓትን የሚገድለው መውደቅና መጋጨት ይመስለዋል። በቆላ አገር ግን ዋነኞቹ ጠላቶቹ ላብና ደቃቅ አሸዋ ናቸው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው የሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ነው፤ ሠሪው ማጉያውን በአንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ለብዙ ዓመት በገበሬ ወይም በነጋዴ ክንድ ላይ የኖረውን ሰዓት የኋላ ክዳን በስለት ጫፍ ፈልቅቆ ሲያነሣው፣ ጨውና አቧራ ከቆዳ ወዝ ጋር ተዋሕደው የሠሩት አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር እድፍ በመጋጠሚያው ዙሪያ ተጋግሮ ይታያል፤ ከሥሩም ውኃን ሊከለክል የተቀመጠው ቀጭን የጎማ ቀለበት ደርቆና ተሰነጣጥቆ፣ በወረንጦ ገና ሲነካ ይበጣጠሳል። አካሉ ከናስ ተሠርቶ ላዩ ብቻ በክሮም የተለበጠ ከሆነ ላቡ ልባጡን አልፎ ናሱን ይበላዋል። ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው አካሉ በሙሉ ከማይዝግ ብረት የተሠራ እንደ ሆነ ነው፤ በክዳኑ ላይ «ስቴንለስ ስቲል ባክ» የሚል ጽሑፍ ያየ ብዙ ሰው ሰዓቱ ሁሉ የማይዝግ ነው ብሎ ደስ ይለዋል፤ ያ ጽሑፍ ግን የሚናገረው ስለ ክዳኑ ብቻ ነው።

የመስታወቱም ነገር እንደዚሁ ነው። በወንዝ ዳር አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ በጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን፣ ተራው የሰዓት መስታወት ከ5 እስከ 6፣ ሳፋየር የተባለው ደግሞ 9 ነው። በመንጌ ወይም በሸርቆሌ በኩል ወንዝ ውስጥ ቆሞ ወርቅ የሚያጥብ ሰው ከሳፋየር ያነሰ መስታወት ያለውን ሰዓት ቢያስር፣ ፊቱ ጥቂት ሳይቆይ መቧጨሩ አይቀርም። ያም ሆኖ በጥንቶቹ ሰዓቶች ላይ የነበረው እንደ ፕላስቲክ ያለ መስታወት በቀላሉ ይጫር እንጂ በቀላሉ አይሰበርም፤ ጭረቱም በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ታሽቶ ይጠፋለታል፤ ሳፋየሩ ግን በድንጋይ ላይ በጠርዙ ከወደቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለእርሻና ለመንገድ ሰው የቀድሞውን ዓይነት መስታወት የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃን በሚመለከት ዓለም ትልቁን እርምጃ የተራመደው እ.ኤ.አ. በ1926 ሮሌክስ ክዳኑም መሙያውም እንደ ብሎን የሚጠብቅ አካል ባወጣ ጊዜ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት መርሴዲስ ግላይትዝ የተባለችው እንግሊዛዊት ዋናተኛ ይህንኑ ሰዓት ይዛ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ ስትቆይ ሰዓቱ ሳይቆም ወጣ። ዛሬ በሰዓት ጀርባ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ብዙ ሰውን ያታልላል። 30 ሜትር የሚለው፣ ባለቤቱ 30 ሜትር ጠልቆ ይዋኝበታል ማለት አይደለም፤ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ጎማውም አዲስ ሳለ፣ በእርጋታ የቆመ ውኃ ቢጫነው የሚችለውን ኃይል የሚያመለክት ነው። ስለዚህ 30 የተባለው የዝናብ ፍንጣቂና የእጅ መታጠቢያ ውኃ ይችላል፤ ወንዝ የሚገባ ሰው ግን 100 የተባለውን ይፈልግ። ከቀትር ሐሩር የጋለ ሰዓት በድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲጠልቅ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራልና፣ ጎማው የደከመ ከሆነ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ በመስታወቱ ሥር ጉም የታየበት ሰዓት በዚያው ቀን ተከፍቶ ካልደረቀ ሞላውና መንኮራኩሮቹ ይዝጋሉ።

ምትን በተመለከተ፣ በሚሞላ ሰዓት ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው መንኮራኩር የቆመበት ዘንግ ጫፉ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በቀድሞ ዘመን ሰዓት ሲወድቅ አስቀድሞ የሚሰበረው እርሱ ነበር። ብሬጌ የተባለው የፓሪስ ሰዓት ሠሪ በ18ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ይህን ዘንግ በሚለጠጥ ሞላ ላይ ማስቀመጥን አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹም ስዊሶች ኢንካብሎክ በተባለው መሣሪያቸው ሐሳቡን ለተራው ሕዝብ ሰዓት አደረሱት።

የጃፓኑ ኪኩዎ ኢቤ ግን የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። አባቱ የሰጠው ሰዓት ወድቆ ሲሰበር አይቶ፣ ከ10 ሜትር ቢወድቅ የማይሰበር፣ የ10 ባር የውኃ ግፊት የሚችል፣ በአንድ ባትሪም 10 ዓመት የሚሄድ ሰዓት ሊሠራ ወሰነ። ከ200 በላይ ናሙና ከፎቅ መስኮት እየጣለ ሲሰብር ከቆየ በኋላ፣ አንዲት ሕፃን ኳስ ስታነጥር ተመለከተና የሰዓቱ ልብ በአካሉ ውስጥ ከጥቂት ነጥቦች በቀር ምንም ሳይነካው ተንጠልጥሎ ቢቀመጥ ምቱ እንደማይደርሰው ተረዳ፤ የካሲዮ ጂ-ሾክ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ከዚህ ነው። የማልደብቀው ግን፣ የዚህ ዓይነቱ ሰዓት የፕላስቲክ ልባስና ማሰሪያ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ዓመታት ሲኖር እየፈረሰ መሄዱ ነው፤ የልቡ ዕድሜ ሳያልቅ ልብሱ ያልቅበታል፤ መለዋወጫውም በገጠር ገበያ በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ ከባትሪና ከሞላ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። በባትሪ የሚሄደው ሰዓት በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ የኳርትዝ ክሪስታል ስላለው በትክክለኛነት ባለ ሞላው አይደርስበትም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ሆኖም ባትሪው በተለወጠ ቁጥር ክዳኑ ይከፈታል፤ በየመንገዱ የሚለውጡትም ብዙዎቹ ጎማውን ሳያድሱ ይዘጉታል፤ ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያው ክረምት ውኃ ያስገባበታል። በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው አውቶማቲክ ሰዓት ግን በቀን ጥቂት ሴኮንዶች ቢቀድም ወይም ወደ ኋላ ቢቀር፣ ባትሪ ፍለጋ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሲኮ ፋይቭ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ራሱን ይሞላል፣ ዕለቱንና ቀኑን በአንድ መስኮት ያሳያል፣ ውኃ ይከላከላል፣ መሙያውም እንዳይጋጭ በ4 ቁጥር አጠገብ ገባ ብሎ ተሰውሯል፣ አካሉና ሰንሰለቱም ጠንካራ ናቸው። ብዙ የተሸጠ ሰዓት በመሆኑ ጠባዩን የማያውቅ ሰዓት ሠሪ ጥቂት ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚታሰር ሰዓት ደግሞ በቅርብ የሚከፍተውና የሚያድሰው ሰው ያለው ሰዓት እንጂ ፈጽሞ የማይበላሽ ሰዓት አይደለም።

ቀን የሚያሳይ ሰዓት ለገዛ ኢትዮጵያዊ ግን አንድ ልዩ ጉዳይ አለበት። መሣሪያው የተሠራው ቀን በእኩለ ሌሊት ይለወጣል ለሚሉ ሕዝቦች ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲስተካከል ግን ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ የሚገናኙት ንጋትና ምሽት ላይ ስለ ሆነ፣ ቀኑም ባለቤቱ እንደ ሞላው በአንዱ ይለወጣል። ዕለትን ከዋዜማው ምሽት ጀምራ የምትቆጥረውን የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የሚከተል ዲያቆን ለውጡን ምሽት ላይ ሊያደርገው ይችላል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ንጋት ላይ ያድርገው፤ ይህን ለማዛወር ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደ ፊት ማዞር ይበቃል። የእኛ ወር 30 ቀን ሲሆን የቀኑ መንኮራኩር እስከ 31 ስለሚቆጥር፣ ወር በገባ ቁጥር አንድ ቀን መግፋት ያስፈልጋል፤ ጳጉሜንም ስትወጣ ከ6 ወይም ከ7 ተነሥቶ እስከ 1 መግፋት ግድ ነው። ታዲያ ይህ ሲደረግ ለውጡ ከሚመጣበት ጊዜ በፊትና በኋላ ባሉት ሦስት ሦስት ሰዓታት ጥርሶቹ ተነካክሰው ስለሚገኙ፣ በምሽት የሚለወጠውን ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ በመሙያው መግፋት ጥርሱን ሊሰብር ይችላል። በየገጠሩ ቀናቸው የቆመ ሰዓቶች የምናየው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ማሰሪያውን በተመለከተ ቆዳ በቆላ ላብ ይበሰብሳልና አይመረጥም፤ ታጥቦ የሚደርቅ የናይለን ጨርቅ ወይም የማይዝግ ብረት ሰንሰለት ይሻላል። የሰንሰለቱን መጋጠሚያና የክዳኑን ዙሪያ መሙያው መዘጋቱን አይቶ በለስላሳ ብሩሽና በለብታ ውኃ አልፎ አልፎ ማጠብ፣ ጎማውን ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ማስመርመርና የደረቀውን ማስለወጥ፣ በየአምስት ዓመቱም ያህል ሞላውንና መንኮራኩሮቹን አስጠርጎ አዲስ ዘይት ማስደረግ የባለቤቱ ድርሻ ነው፤ ደረቅ መንኮራኩር የተጋጠመውን መብላት የሚጀምረው ሰዓቱ ገና ጊዜውን አስተካክሎ በሚሄድበት ወቅት ስለ ሆነ፣ እስኪቆም መጠበቅ አይገባም።