ባለሞተር የሌጎ ጡቦችና የባትሪያቸው ኃይል

የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ፓወር ፋንክሽንስ በተባለው መሣሪያ ትእዛዝ የሚተላለፈው በኢንፍራሬድ ጨረር ነበር። በገመዱ ውስጥ ካሉት 4 ሽቦዎች 2ቱ የባትሪውን ኃይል ሳያቋርጡ ለተቀባዩ ያደርሳሉ፤ የቀሩት 2ቱ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዞራሉ። ስለዚህ ተቀባዩ የሚገጠመው በባትሪው ሳጥንና በሞተሩ መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፓወርድ አፕ ግን በብሉቱዝ ራዲዮ ይሠራል፤ ባትሪውና ተቀባዩም በአንድ ሳጥን ተጠቃለዋል።

የተለመደው ሳጥን 6 የባትሪ ድንጋዮች ይይዛል። እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ሲሆን ድምሩ 9 ይሆናል፤ እየተሞላ የሚሠራው ድንጋይ ግን 1.2 ቮልት ስለሆነ ድምሩ 7.2 ብቻ ነው። ሞተሩ ሸክም ከብዶት ሲቆም ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ በዚህም ምክንያት የደከመው ባትሪ ቮልቱ ወርዶ ተቀባዩ ሊጠፋ ይችላል። እንግዲህ መጫወቻው አልታዘዝ ሲል ራዲዮውን ከመውቀሳችን በፊት፣ ሞተሩ ሸክም ይዞ ሳለ የባትሪውን ቮልት መለካት ይገባል።