የሌሊት ወፍና ማንጎ

ልብ ወለድ ማለት በሐሳብ የተፈጠረ ታሪክ ነው። ከሳይንስ ዕውቀት ተነሥቶ «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጻፍም ልብ ወለድ አለ። ዲዮን ማየር የሚባል የደቡብ አፍሪካ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ከማንጎ ዛፍ ሥር ተኝቷል፤ ከዛፉ ላይ የሌሊት ወፍ አለች። በዓይን የማይታዩት የወፏና የሰውየው የበሽታ ተሕዋስያን በሰውየው ገላ ውስጥ ይገናኛሉ። አዲስ በሽታ ይወለዳል፤ ከዓለም ሕዝብም አብዛኛው ያልቃል።

ታዲያ ይህ ተረት ብቻ ነውን? በማሌዥያ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 የሆነውን እንመልከት። አሳማ አርቢዎች ከበረታቸው አጠገብ ማንጎ ተክለው ነበር። የሌሊት ወፎች ማታ ማታ እየመጡ ፍሬውን ይገምጣሉ፤ ምራቃቸው የነካው ፍሬ ከበረቱ ውስጥ ይወድቃል። አሳማው ያንን በልቶ ይታመማል፣ ያስላል። ከዚያ አሳማውን የሚቀልበውንና የሚያርደውን ሰው ያው በሽታ ይይዘዋል።

በመጀመሪያ «ትንኝ ያመጣው ነው» ተብሎ መድኃኒት ተረጨ፤ ሰውም ተከተበ። በሽታው ግን አልቆመም። የታመመው አሳማ ካንዱ መንደር ወደ ሌላው ይሸጥ ነበርና! ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኋላ ምክንያቱ ሲታወቅ ከ1 ሚሊዮን በላይ አሳማዎች ተገደሉ፤ አርቢው ባዶ እጁን ቀረ። በሽታው ኒፓ ተባለ።

እኛን ከልብ ወለዱ ይልቅ ይኸኛው ያስደነግጠናል። አባ ሰንጋን የሚያውቅ ገበሬም ነገሩ አይጠፋውም። ከዚያ ወዲህ በማሌዥያ የፍሬ ዛፍ ከአሳማ በረት ርቆ እንዲተከል ታዘዘ።