ለትልቅ አኳሪየም ሁለት ትንንሽ ማሞቂያ

የአዲስ አበባ ጓደኛችሁ ማሞቂያ ስለገዛ እናንተም ቴፒ ላይ የግድ አትገዙም። ቴፒ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ትሞቃለች። ሚዛን ከቴፒ ከፍ ስለምትል ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል። እናም መጀመሪያ ቴርሞሜትር ግዙና ውኃውን ንጋት ላይ ለኩት። ከ24 ዲግሪ ካልወረደ አብዛኞቹ የሞቃት አገር ዓሦች ማሞቂያ አይፈልጉም።

ከወረደስ? ለ200 ሊትር ከአንድ ባለ200 ዋት ሁለት ባለ100 ዋት ይሻላል። ማሞቂያ ሲበላሽ አልጠፋም ሊል ይችላል። ያኔ ትልቁ ዓሦቹን ይቀቅላቸዋል፤ ትንሹ ግን እስክትደርሱ ጊዜ ይሰጣችኋል። አንዱ ቢቃጠልም ሌላው አለ።

ስትገዙ ለ220 ቮልት የተሠራ መሆኑን እዩ። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ጠብታው ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ። ውኃ ስትቀይሩ ደግሞ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ንቀሉት፤ እንደጋለ ከውኃ የወጣ መስታወት ይሰነጠቃል። ሶኬት ላይ እያለ እጃችሁን ውኃው ውስጥ አትክተቱ። ዓሣ ይተካል፤ እናንተ አትተኩም።